ዓረብ አገር የሚወለዱት ልጆቻችንና ፓስፖርታቸው



እንደሚታወቀው ከሰፈራችን ልጆች ጥቂት የማይባሉት ኑሯቸው ጅዳ፣ ሪያድ፣ ኩዌትና ዱባይ ሆኗል። እዚያው ትዳር ይዘው እዚያው የወለዱም አሉ። የልደቱ ወሬ ሲደርሰን እልል እንላለን፣ ገንፎም እንበላለን። ስለ ሕፃኑ ወረቀት የሚጠይቅ ግን አይገኝም። «ስትመጣ ታወጣለት የለ፣ ምን ያስቸኩላል?» ይባላል። እኛ ያስቸኩላል ባዮች ነን።

ምክንያቱም ከውጭ አገር ሰዎች የተወለደ ልጅ እዚያ ስለተወለደ ብቻ የዚያ አገር ዜጋ አይሆንም። ያለው የእናት የአባቱ አገር ነው። ይህን የሚያስረዳለት ፓስፖርት ከሌለው የመኖሪያ ፈቃድ አይወጣለትም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባቱም መታከሙም መከራ ነው። «በእናቱ ፓስፖርት ላይ ይጻፍ» የሚሉ አሉ፤ እሱ የድሮ ነው፤ ዛሬ ጡት የሚጠባውም የራሱን ይዞ ነው የሚሻገረው። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ፈቃድ የሌለው ሁሉ በ90 ቀን ይውጣ ተብሎ ታወጀ። ለልጁ አንድም ወረቀት ላላወጣ ቤተሰብ 90 ቀን ምን አላት?

በሕጉ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ከእናትና ካባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅም ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ውጭ ላሉት ይህ ሥራ የኤምባሲና የቆንስላ ነው።

እንግዲህ ወላጆቹን የሚያጉላላው ወዲህ ነው። በብዙዎቹ የዓረብ አገሮች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሳይታይ የልደት ወረቀት ማግኘት ያዳግታል። ልጆቻችን ደግሞ በሽማግሌ፣ በኒካ ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሳያስመዘግቡ የሄዱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ገና ሳይወለድ፣ እርግዝናው እንደተሰማ፣ ጋብቻው እዚህ ተመዝግቦ ወረቀቱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይላክላቸው። ይኼ የአያቶች ሥራ ነው። ለገንፎው ከምንሮጠው ግማሹን ብንሮጥ ይበቃል።

ሌላው ያባት ፊርማ ነው። በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት ሁለቱም የልጁ ሞግዚት ናቸው። ተኳርፎ ፊርማ የሚከለክል አባት እናቲቱን የቀጣ ይመስለዋል፤ ወረቀት አጥቶ የሚቀረው ግን ልጁ ነው። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም የሰፈር ሽማግሌ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ ባይሸሽ ጥሩ ነው።

ሳታገባ የወለደችውስ? እሷ ከሁሉ ይብስባታል። እዚያ ፖሊሱን ትፈራለች፣ እዚህ የኛን አፍ ትፈራለች፤ ወሬው ሰፈር ይደርሳል ብላ የአገሯን ቆንስላ ደጃፍ ሳትረግጥ ልጁ ነፍስ ያውቃል። የዜግነት አዋጁ እናት ኢትዮጵያዊት ናት ወይ ይላል እንጂ ባል አላት ወይ አይልም። እኛ ከአዋጁ በላይ ጠያቂ የሆንነው በምን ሥልጣናችን ነው? ከእናትዋ ጋር ቡና የምትጠጡ ጎረቤቶች፣ እባካችሁ «ልጅቱ ቆንስላ ትሂድ፣ እኛ ምንም አንልም» በሏቸው። ብታደርጉትም ከልባችሁ ይሁን።

የጋብቻ ወረቀት ማስመዝገብና ማረጋገጥ የቸገራችሁ ቤተሰቦች የባልና የሚስቱን መታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ ይዛችሁ እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ብቅ በሉ። ቢሮ ለቢሮ አብሯችሁ የሚዞር ሰው እንመድባለን።