መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

አይሸጥ

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሀብታም ቤት ይወለድ ድኻ ቤት የማያውቅ ሰው ምን ዓይነት ሕግ ይመርጥ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ወደ ገጠራችን ላምጣው። የባላባት ልጅ ይሁን የጭሰኛ የማያውቅ ሰው ከ1967 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ሥርዓት ይመርጣል? ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፣ ሲብስም እኩሌታውን እየሰጠ፣ ባላባቱ ባሻው ጊዜ ይነቀል ነበር። የየካቲቱ አዋጅ ይህን አፈረሰ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ በሩን ዘጋው።

ደግ አደረገ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ማሳውን የሚሸጥ ገበሬ ወዶ ሸጠ አይባልም። እህል በመጪው ክረምት ይተካል፤ መሬቱ ግን ከልጅ ልጁም እጅ ወጣ። ሮልስም ቢሆን የማምረቻ ሀብትን በግል መያዝን ከመሠረታዊ ነፃነቶች አልቆጠረውም።

ይሸጥ

ተከራካሪዬ ሮልስን ጠቅሶ የሃርቫርድ ባልደረባውን ዘለለው። ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 የጠየቀው ማን ስንት አለው ሳይሆን እንዴት አገኘው ነው። በግፍ የተያዘ ይታረም ይላል፤ ስለዚህ በጭሰኛው ጉዳይ አልሟገትም። (የሰሜኑ ርስተኛ ገበሬ የማንን መሬት ቀምቶ እንደነበር ግን ማንም አይነግረኝም።)

ሙግቴ ከዚያ ወዲህ ስላለው ነው። እኩል ድርሻ እኩል የሚሆነው በተደለደለበት ቀን ነው። አማራ ክልል ውስጥ በ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ ሲደረግ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የአባቱን ጥማድ ከወንድሞቹ ጋር ይሸራርፋል፣ አለዚያ ከተማ ይገባል።

ደግሞስ ሽያጭ የተከለከለው ለማን ነው? ከተማ ሲሰፋ ማሳው ይወሰዳል። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ለገበሬው የሚታሰብለት የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር፤ የሰብሉ እንጂ የመሬቱ ዋጋ አይደለም። ያው ቦታ ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ግን ዋጋ ያወጣል።

አይሸጥ

የካሳው ነገር እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ካሳውን ማሳደግ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ብዜቱ 15 ሆኗል። መሬት ላጣው ወጣትስ ገበያው ምን ይሰጠዋል? መግዣ የሌለው እኮ እሱው ነው።

ይሸጥ

ዛሬ በእጁ ላይ መግዣ የለውም፤ አልክድም። ግን ከተማ የከረመ ጎረቤቱን ማሳ በእኩል እያረሰ፣ ከምርቱ ግማሹን በየዓመቱ ያስረክባል። ያ ግማሽ ለመሬቱ ዋጋ ቢታሰብለት፣ ማሳው የራሱ የሚሆንበት ዓመት ይኖር ነበር።