«ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት

በተግባር ትምህርት ክፍላችን ቁም ሣጥን ውስጥ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ዕቃዎች ተደርድረዋል። ለመሆኑ ስንቶቹ ናቸው በእርግጥ የተበላሹት? ይህን እንድንጠይቅ ያደረገን የራሳችን ጥፋት ነው።

ባለፈው ሰሞን በአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድና በአንድ ትራንዚስተር የትንሽ ሞተር ፍጥነት ከፍና ዝቅ ለማድረግ ሞክረን ነበር። ሞተሯ ግን ወይ ድርቅ ብላ ትቆማለች፣ ወይ ባላት ኃይል ትበራለች፤ መካከለኛ ፍጥነት የሚባል ነገር የላትም። እኛም ወዲያው «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብለን ፈረድን። ወረቀቱን ልንለጥፍ ስንል መምህራችን «ለካችሁት ወይ?» አሉን። አልለካንም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኑ የሚያወጣው ወይ 5 ቮልት ወይ 0 ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ፒኑ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ እየበራ ሲጠፋ የሚበራበትን ጊዜ በማሳጠር ነው፤ ይህም ፑልስ ዊድዝ ሞዱሌሽን ይባላል። ኦሲሎስኮፕ ባይኖርም ተራ ቴስተር አማካዩን ያሳያል። ትልቁ ትእዛዝ 255 ስለሆነ፣ 64 ብለን ብናዝዝ 1.25 ቮልት ገደማ፣ 200 ብንል 3.9 ቮልት ገደማ መነበብ አለበት። እኛ ስንለካ ግን በመጀመሪያው 0፣ በሁለተኛው 5 ሆነ። ለካስ ሽቦውን የሰካነው 7ኛው ፒን ላይ ኖሯል! በዚህ ቦርድ ይህን ሥራ የሚሠሩት አጠገባቸው የሞገድ ምልክት ያለባቸው 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10 እና 11 ብቻ ናቸው። 7ኛው ከ128 በታች ሲታዘዝ ይጠፋል፤ 128ና ከዚያ በላይ ሲታዘዝ ይበራል፤ በቃ። ሽቦውን ወደ 9ኛው ብናዛውረው ሞተሯ ታዘዘች።

የጎረቤታችን ቡድን ሞተር ደግሞ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለች። 127 ታዞ ፒኑ ሲለካ 2.5 ቮልት ገደማ ነው፤ ትክክል ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከቦርዱ ወዲያ ነው ማለት ነው። ሲፈለግ የሞተሯ ባትሪ ኔጋቲቭ ከቦርዱ ግራውንድ ጋር አልተገናኘም። የጎደለው አንድ ሽቦ ነበር።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ የራሳችንን ስሕተት ፈርተን ዕቃውን ወነጀልን። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ያለው አንድ ቦርድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱንም በግምት ከቆለፍንበት የተማሪዎቻችንን ትምህርት አብረን ቆለፍን ማለት ነው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ነጥብ የሚሰጠው ለሚሽከረከር ሞተር ብቻ ከሆነ ማን ደፍሮ ስሕተቱን ያወጣል? ጥፋቱን እየለካ ፈልጎ በደብተሩ ለጻፈም ነጥብ ይሰጠው። እኛም «ተበላሽቷል» ስንል የት ተለክቶ ስንት ቮልት እንደተነበበ አብረን እንጻፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴስተር ይዘን ቁም ሣጥኑን ለመፈተሽ ዝግጁ ነን። ማን አብሮን ይመጣል?