ፋብሪካው የወሰደው ፍጥነት

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። የተጻፈበት ፍጥነት 300 ሜጋኸርዝ ነበር። ብዙ ገዢዎች ግን ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ቅንብር ለውጠው በ450 ሜጋኸርዝ አሠሩት፤ የዚያን ጊዜው ውድ ፔንቲየም 2 በሚሠራበት ፍጥነት። ኦቨርክሎኪንግን ለመረዳት ከዚህ ታሪክ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ አንዱ ከማዘርቦርዱ የሚመጣው መነሻ ክሎክ፣ ሌላው የፕሮሰሰሩ ማባዣ። የ300ኤ ማባዣ 4.5 ላይ ተቆልፎ ነበር። ክሎኩን ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ማሳደግ ግን ይቻል ነበር፤ 450 የመጣው ከዚያ ነው። 100 ሜጋኸርዝ ለፔንቲየም 2 የተሠሩት ማዘርቦርዶች የለመዱት ክሎክ ስለነበር ሌሎቹ ክፍሎች አልተጨነቁም። ደግሞም የሴሌሮኑ ካሽ (ፕሮሰሰሩ በቅርብ የሚይዘው ፈጣን ማህደረ ትውስታ) 128 ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም ከፕሮሰሰሩ እኩል ይሮጥ ነበር፤ የፔንቲየም 2 ባለ 512 ኪሎባይት ካሽ ግን በግማሽ ፍጥነት ነበር የሚሠራው።

ያን ተጨማሪ 150 ሜጋኸርዝ የገዢው ብልሃት አልፈጠረውም። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች በ0.25 ማይክሮን ቴክኖሎጂ የተመረቱ ናቸው፤ አቅሙ ሲሊከኑ ውስጥ ቀድሞም ነበረ። ፋብሪካ ቺፖቹን እየፈተነ በደረጃ ይለያቸዋል፤ ምርቱ ሲሰምርና ገበያው ርካሹን ሲፈልግ ግን ጠንካራው ቺፕም በዝቅተኛ ቁጥር ይሸጣል። እንግዲህ ኦቨርክሎኪንግ በተጻፈው ቁጥርና በእውነተኛው አቅም መካከል ያለውን ልዩነት መውሰድ ነው። ዛሬ የሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው፣ ይህን ልዩነት አሁን አብዛኛውን ፋብሪካው ራሱ እንደሚወስደው ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2008 ተርቦ ቡስትን በኮር አይ7 ካመጣ ወዲህ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና የኃይል ፍጆታውን እያየ በራሱ ፍጥነት ይጨምራል። ኮር አይ9-14900ኬኤስ ማንም ሳይነካው እስከ 6.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የምትጨመር እያንዳንዷ 100 ሜጋኸርዝ ውድ ናት። ትራንዚስተር ቶሎ ቶሎ እንዲቀያየር ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ፍጆታው ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁን ከ1.2 ወደ 1.3 ማድረስ ካስፈለገ ፍጆታው 29 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያም ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ማቀዝቀዣው ካልቻለው ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሙቀት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በርካታ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች መረጋጋት አቅቷቸው ነበር። ኩባንያው ችግሩ ከመጠን ካለፈ ቮልቴጅ እንደመጣ ገልጾ የማይክሮኮድ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ከተጎዱት መካከል ኦቨርክሎክ ያላደረጉም ነበሩ። አምራቹ ራሱ ጠርዙ ላይ በቆመበት ዘመን ለጀማሪ «ቮልቴጅ ጨምር» ብሎ መምከር ትክክል አይመስለኝም።

ይልቅ ቮልቴጁን ይቀንስ። ያው ስሌት ወደ ታች ሲሄድ ቸር ነው፤ ፍጥነቱ ሳይነካ ከ1.2 ወደ 1.1 ቢወርድ ፍጆታው 16 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቀዝቀዝ ያለ ፕሮሰሰር ደግሞ ተርቦውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ስለዚህ ረጅም ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ሲቀናበር፣ ከበፊቱ ፈጥኖ ሊጨርስ ይችላል። አምራቹ ባዮሱ ላይ ቅንብሩን ካልቆለፈው፣ አየር እንደ ልብ ለማያገኝ ላፕቶፕ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም።

ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች መንገዱ አንድ ነው፤ በጥቂቱ መለወጥ፣ ከዚያ እንደ ፕራይም95 ባለ ከባድ ስሌት ለሰዓታት መፈተን። ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ችግሩ ወዲያው ይታወቃል። የሚያሰጋው ሳይጠፋ የሚሳሳተው ነው፤ የተሳሳተ ውጤት ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ጉዳቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሰነዱ አልከፈት ሲል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈተናው አንዲት የስሌት ስህተት ካሳየ ሌላው ሁሉ ደህና ቢመስልም ያን ቅንብር ትቶ አንድ እርከን መመለስ ያስፈልጋል።