ድዴ ይደማል ብሎ ሲዋክን መተው



እዚህ ለገጣፎ ከወጣቶቻችን ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ፦ «ሲዋክ ስጠቀም ድዴ ስለሚደማ ትቼዋለሁ።» በዚህ አንስማማም። ጤነኛ ድድ በደንብ በታኘከ ለስላሳ መፋቂያ ስለተነካ ብቻ አይደማም። የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ስለታመመ ነው፤ ማጽዳቱን መተው ደግሞ በሽታውን ያብሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ በባክቴሪያ የተሞላ ቆሻሻ ይጣበቃል፤ ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመግደል ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል፤ እነሱም ኃይለኛ የኦክስጅን ውህዶችን ይረጫሉ። ውጊያው ሲረዝም የተረጨው ለራሳችን ድድና ጥርስን ለያዘው አጥንት ይተርፋል። ባለሙያዎች ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይሉታል። የሚገርመው አሻራው ምራቃችን ውስጥ መታየቱ ነው። የሴሎቻችን ስብ ሲጎዳ የሚፈጠረው ማሎንዲያልዲሃይድ የድድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ምራቅ ውስጥ በአማካይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከታከሙ በኋላ ሲቀንስም ታይቷል። የምራቁ ምርመራ ግን ገና ከተመራማሪዎች እጅ አልወጣም። የጥርስ ሐኪሙ የሚጠቀመው ቀጭን መለኪያ ነው፤ በጥርስና በድድ መሃል ያለው ጥልቀት እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ደህና፣ ከ4 ጀምሮ ግን ያሳስባል።

ሕመም እስኪሰማን አንጠብቅ። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ሳያም ጥርስ ያነቃንቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸውን ከ1 ቢሊዮን በላይ ይገምታቸዋል።

ሲጋራና ሺሻ የሚያጨስ ወንድማችን «የኔ አይደማም» ይል ይሆናል። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ድዱ ታሞም ደሙ ላይታይ ይችላል! በርጫ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ለሰዓታት አንድ ጉንጭ ውስጥ ተወትፎ ይቆያል፣ ለስላሳውም ሲጋራውም ይከተላል። (ስለ ጫት ሌላውን ወቀሳ ለሌላ ቀን እናቆየው።) ስኳር በሽታ ያለበት ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ፤ ሁለቱ በሽታዎች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲዋክን ምን ያህል ይወዱት እንደነበር፣ ለኡመታቸው እንዳይከብድ ባያዝኑ ኖሮ በየሶላቱ ሊያዙበት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የኛ ሲዋክ ግን የፊት ሁለት ጥርሶችን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ኪስ ይመለሳል። ጫፉን አኝከን እናለስልሰው፣ ያረጀውን እንቁረጠው፣ የድዱን መስመርና የኋላ ጥርሶችን እናዳርስ።

የጠነከረው ቆሻሻ ግን በሲዋክም በብሩሽም አይለቅም፤ ሐኪም ነው የሚፍቀው። «ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን አስቀርቷል። ጥርሱን ያላላው በሽታው ነው፤ ድንጋዩ ሲነሳ የነበረው መላላት ይታያል እንጂ። ገንዘብ የሚያጥረው ወንድም እንዳለም እናውቃለን። ለኳስ ማሊያ የምናዋጣ የሰፈር ጀማዓዎች ለአንድ ሰው የጥርስ እጥበት ማዋጣት አያቅተንም፤ ከመጪው ጁሙዓ በኋላ እንነጋገርበት።