ሳይታመም የሚከፈል፣ ታሞ የሚለመን



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂዶቻችን በር የሐኪም ወረቀት ይዞ እርዳታ የሚጠይቅ አይጠፋም። ያለንን እንሰጣለን፤ መልካም ነው። ቀዳሚው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ይህ ሰው ሳይታመም በፊት የጤና መድህን ያልነበረው ለምንድን ነው?

"ቸልተኛ ስለሆነ ነው" ማለት ይቀላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለደመወዝተኛው የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ቢወጣም ከአስር ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ለገበሬውና በግሉ ለሚተዳደረው ደግሞ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ከተማም ደርሷል። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ መክፈል እንደማይችል ለተለየው መንግሥት ይሸፍናል። ምዝገባው ግን በነዋሪነትና በቤተሰብ ነው። በጀሞና በለቡ ሕንጻ ላይ የሚውለው የቀን ሠራተኛ፣ በላፍቶ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህታችን፣ መታወቂያቸው የሌላ ክልል ከሆነ የት ይመዝገቡ? የተመዘገበውም ቢሆን መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ በኪሱ ይገዛል።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ምክንያትም አለ፦ "ኢንሹራንስ ሐራም ነው" የሚለው። ስጋቱ ከመሬት አልተነሳም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ የንግድ ኢንሹራንስን ከልክሏል። በዚያው ውሳኔ ግን በመረዳዳትና በልግስና ላይ የቆመውን አማራጭ አድርጎ አስቀምጧል። የማህበረሰቡ መድህን ለትርፍ የሚነግድበት ባለ አክሲዮን የለውም፤ ከጋራ መዋጮ የታመመው ይታከምበታል። በመድረሳ የተማርነውን የአሽዐሪዮችን ታሪክ እናስታውስ፦ ስንቅ ሲያጥራቸው ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አመስግነዋቸዋል። ብይኑ የኡለሞቻችን ነው፤ ሳይጠየቁ ግን በወሬ ብቻ ጎረቤታችን ከሕክምና አይቅር።

ስለዚህ ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የዘንድሮው ምዝገባ ሳይዘጋ፣ ከወረዳ ጤና መድህን ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረን በንፋስ ስልክ ላፍቶ መስጂዶች ደጃፍ የመረጃ ጠረጴዛ እናዘጋጅ። ከሰደቃው ላይ የአቅመ ደካሞችን መዋጮ እንሸፍን። በመታወቂያ ምክንያት የተመለሱትን ደግሞ መዝግበን ጉዳያቸውን ለወረዳው በአንድነት እናቅርብ። ሸክም በአንድ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ይሰብረዋል፤ ለብዙ ምሰሶ ሲከፋፈል ቤቱ ይቆማል። ሰው ታሞ ከሚለመንለት ብር፣ ሳይታመም የሚከፈልለት መዋጮ እጅግ ያንሳል፤ ክብሩንም ይጠብቅለታል።

አላህ ያግራልን። ወሏሁ አዕለም።