ከስቴት ውጭ ስታመለክቱ የምታንኳኩት የትኛውን በር ነው?

በየዓመቱ የኮሌጅ ማመልከቻ ሲከፈት የማኅበራችን ግሩፕ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱ ታናናሾቻችን «ጂፒኤዬ 3.9፣ ኤስኤቲዬ 1400 ነው፤ ቻፕል ሂል እገባለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱም የተለመደ ነው። አንዱ «የአክስቴ ልጅ በ3.7 ገብታለች፣ አይዞሽ» ይላል። ሌላዋ ጎግል አድርጋ የዩኒቨርሲቲውን አጠቃላይ የቅበላ መቶኛ ትለጥፋለች። ሁለቱም ለመርዳት ብለው ነው። ግን የአክስት ልጅ ከየትኛው ስቴት እንዳመለከተች፣ መቶኛውም የማን መቶኛ እንደሆነ የሚናገር የለም። ጠያቂዋ የምትፈልገው መልስ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የስቴቱ ግብር ከፋይ ያቋቋመው ነው። ለእነሱ ልጆች ቅድሚያ መስጠት ሥራው ነው፤ በብዙ ቦታም ይህ በሕግ ወይም በቦርድ ውሳኔ ተጽፏል። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1986 ከስቴቱ ውጭ የሚመጡ አዲስ ገቢዎች ከ18 በመቶ እንዳይበልጡ ወሰነ፤ ቻፕል ሂልም በዚህ ጣሪያ ሥር ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቴክሳስ ኦስቲን 90 በመቶ አዲስ ገቢዎቹን ከቴክሳስ ይወስዳል። ከክፍላቸው ግንባር ቀደም የሆኑ ተማሪዎች በቀጥታ የሚገቡበት ዝነኛው ሕግም ለቴክሳስ ልጆች እንጂ ለእኛ አይሠራም። በካሊፎርኒያ የዩሲ ካምፓሶች ማመልከት የሚቻልበት ዝቅተኛ ጂፒኤ ለስቴቱ ልጅ 3.0፣ ከውጭ ለሚመጣ 3.4 ነው። ኤስኤቲ ደግሞ ለቅበላ ጭራሽ አይታይም፤ ስለዚህ ያ 1400 እዚያ አይጠቅምም፣ አይጎዳም።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ 50,000 ማመልከቻ ደረሰው እንበል፤ 10,000 ከስቴቱ፣ 40,000 ከውጭ። ከየወገኑ 4,000 ተማሪ ተቀበለ። ጎግል ላይ የሚወጣው አጠቃላይ ቁጥር 16 በመቶ ነው። የስቴቱ ልጅ ዕድል ግን 40 በመቶ፣ የውጭው 10 በመቶ ነው። 16 በመቶ ዕድል ያለው ሰው ከሁለቱም ወገን የለም። ምሳሌውን እኔ ያወጣሁት ቢሆንም የቻፕል ሂል የቅርብ ዓመታት ቁጥሮች ከዚህ ብዙ አይርቁም።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። አላባማ ዩኒቨርሲቲና ቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚበዛው ተማሪ ከሌላ ስቴት የመጣ ነው። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ስቴቶች በጀት ሲቀንሱ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ተማሪ የሚሰበሰበውን ከፍ ያለ ክፍያ መደጎሚያ አደረጉት። እንዲህ ያለ ቦታ የሚያመለክት ተማሪ ዋና ጥያቄው «ይቀበሉኛል?» ሳይሆን «ስንት ይቀንሱልኛል?» መሆን አለበት።

ጉዳዩ በተለይ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ቤተሰቦቻችንን ይነካል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ለእኛ አንድ ሰፈር ናቸው፤ በአንዱ እንጀራ ገዝተን በሌላው ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን። ለዩኒቨርሲቲ ግን ፖቶማክ ወንዝ ድንበር ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ተማሪዎቹን ከቨርጂኒያ ይወስዳል። ዲሲ ውስጥ ያደገ ልጅ ከራሱ ከዲሲ ዩኒቨርሲቲ በቀር የትም ቢያመለክት የውጭ ነው። የክፍያውን ልዩነት የሚደጉመው ዲሲታግ የሚባል ፕሮግራም በኮንግረስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈቀደውም ለዚህ ነው። «የአጎትህን አድራሻ ጻፍ» የሚለው የቡና ላይ ምክር ግን አይሠራም። በአብዛኛው ስቴት በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ የሚመዘነው በወላጆቹ መኖሪያ ነው፤ እነሱም ቢያንስ 12 ወር እዚያ መኖራቸውንና ግብር መክፈላቸውን በሰነድ ማሳየት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው በር ሜጀር ነው። እኔ የምማረው ነርሲንግ ስለሆነ በዚያ ላስረዳ። የነርሲንግ ቦታ የሚወሰነው በመማሪያ ክፍል ስፋት አይደለም። አንድ አስተማሪ ሆስፒታል ውስጥ ይዞ የሚዞረው ተማሪ ጥቂት ነው፤ ሆስፒታሎች ለልምምድ የሚሰጡት ቦታም የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ ማለት የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ተቀበለ ማለት ላይሆን ይችላል። በአንዳንዱ ቦታ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ነርሲንግ ይገባል። በሌላው ሁለት ዓመት ፕሪ ነርሲንግ ተምሮ እንደገና ይወዳደራል። በውጭ ስቴት ክፍያ ሁለት ዓመት ከፍሎ በሦስተኛው ዓመት በር ላይ መቅረት፣ እኔ በዚህ ሙያ ከማውቃቸው ኪሳራዎች ሁሉ የከፋው ነው። ኮሌጅ ፓርክ የነርሲንግ ትምህርት ቤት እንደሌለው እንኳ የማያውቁ ወላጆች አሉ፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ያለው ባልቲሞር ነው፣ ሮክቪል ውስጥ ሼዲ ግሮቭም ያስተምራል፣ ለባችለር ተማሪ የሚቀበለውም ቅድመ ኮርሶቹን ጨርሶ የመጣውን ነው። በመጨረሻ ሁላችንም የምንፈተነው አንድ ኤንክሌክስ ነው። ፈተናው የስቴቱ ቦርድ ካጸደቀው ፕሮግራም መመረቃችንን እንጂ የዩኒቨርሲቲውን ዝና አይጠይቅም።

ሦስተኛው በር ገንዘብ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው እዚህ ይደርሳል። ዩሲ ወይም ሚሺጋን ለውጭ ስቴት ተማሪ ከነመኖሪያው በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የትምህርት ክፍያን የሚሸፍኑት የሁለቱም ዝነኛ ፕሮግራሞች ለየስቴታቸው ልጆች ብቻ ናቸው። በአንጻሩ ቻፕል ሂልና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ድጋፍ ለሚገባው ተማሪ፣ ከውጭ ስቴት ቢመጣም፣ እንደ ቤተሰቡ አቅም አስልተው የጎደለውን እንደሚሸፍኑ ይናገራሉ። መግባቱ ከባድ የሆነው ቦታ ከገቡ በኋላ የሚረክስበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ብድሩም ተቀይሯል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ወላጆች ለአንድ ልጅ የሚወስዱት አዲስ የፓረንት ፕላስ ብድር በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ይቆማል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በስሙ የሚበደረው የፌዴራል ብድር 5,500 ነው። ሁለቱ ተደምረው 25,500 ናቸው። ከ70 ሺህ የሚቀረውን ማን ይሞላዋል? በብዙ ቤት መልሱ አባት ታክሲ ላይ የሚያድርባቸው ተጨማሪ ሌሊቶችና የእናት ሁለተኛ ፈረቃ ነው።

«ልጆቹን ተስፋ አታስቆርጪ፣ ወላጆቻችን ዕድላቸውን ቢያሰሉ ኖሮ ከአገር አይወጡም ነበር» የሚሉኝ ይኖራሉ። የሚናቅ ሐሳብ አይደለም፤ ማንም ሳያመለክት አይገባም። ነገር ግን ወላጆቻችን ያልቆጠሩት ነገር የለም። ማን ዋስ እንደሚሆን፣ የመጀመሪያውን ወር የት እንደሚያድሩ፣ ስንት ብር እንደሚጎድል አስልተው ነው የተነሡ። እኛም ሕልም የሆነ አንድ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ዝርዝራችን ላይ ይኑር። የቀረው ዝርዝር ግን በራሳችን ስቴት የምንገባበትንና የምንከፍለውን ይያዝ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ኮመን ዴታ ሴት የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። ክፍል ሲ ላይ የስቴት ነዋሪነት በቅበላ ምን ያህል እንደሚመዝን ይነግራችኋል፤ አዳዲሶቹም የስቴቱንና የውጭውን አመልካች ለይተው ያሳያሉ። ከዚያ ለሜጀራችሁ በቀጥታ ይገባ እንደሆነ ለትምህርት ክፍሉ ጻፉ። በመጨረሻ ከወላጅ ጋር ተቀምጣችሁ የዩኒቨርሲቲውን የወጪ ማስያ ሙሉ።

ከማኅበራችን ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በየሚያዝያው «እንኳን ደስ አላችሁ» እያልን ፎቶ እንለጥፋለን፤ ደስታውን አልቃወምም። ግን የገባነው ሁሉ ከፎቶው ጋር ሦስት ነገር ብንጽፍስ? ከየት ስቴት እንዳመለከትን፣ ለየትኛው ሜጀር፣ ከድጋፍ በኋላ ቤተሰባችን በዓመት ስንት እንደሚከፍል። ያልተቀበሉንን ዩኒቨርሲቲዎችም ስም ብንጨምር ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። አሁን ዝርዝሩ ላይ ያለው የገቡት ብቻ ስለሆነ፣ ታናሾቻችን ሁሉም ሰው የሚገባ ይመስላቸዋል። እኔ የራሴን ከዚህ ወር መጨረሻ በፊት ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ፤ እናንተም ጻፉ። ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት ቢያነቡት ይሻላል።