የቴምዝ ቀዛፊና የየጁ ደረሳ

«በ19ኛው ክፍለ ዘመን እኛ ደግሞ ምን የተማሪ ኑሮ ነበረን?» ሲባል በዚህ ግቢ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይኸ ጥያቄ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ፈራጆቹም የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ማለትም እኛው ነን።

ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1829 በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ቀዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ መወዳደራቸውን እናውቃለን። የአሜሪካኖቹ ሃርቫርድና ዬል በ1852 መከተላቸውንም እንጠቅሳለን። መልካም፤ ዕውቀት አይጠላም። ግን ከነጉድፉ እንወቀው እንጂ! የ1852ቱን ውድድር ወጪውን ችሎ ያስደገሰው የባቡር ኩባንያ ነው፤ ተሳፋሪ ለመሳብ። በ1879 ደግሞ የሄንሊ ውድድር አዘጋጆች በእጁ ሥራ ደሞዝ የሚበላ ሰው «አማተር» ከሚባሉት ጋር እንዳይቀዝፍ ደንብ አወጡ። ጀልባውን የሠራው አናጢ ጀልባው ላይ አይወዳደርም ማለት ነው!

እስቲ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በዚያው ዘመን በየጁ ምድር ዳና ስሙ የተጠራ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበር። ደረሳው ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ የሚያበላው የአካባቢው ገበሬ ነው። የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ሲያቀርብ የጓደኛው ጆሮ ስሕተት ያድናል። ውድድር ካላችሁ ይኸ ነው ውድድር! ታንኳም ቢሆን አልጠፋም፤ ዛሬ ከየብስ የተያያዘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት በነበረበት ጊዜ ትምህርት ፈላጊው የሚሻገረው በታንኳ ነበር። የሚቀዘፈው ግን ለዋንጫ አይደለም።

ድህነትን ማሞገሴ አይደለም። ረሃብ ነበር፣ እከክ ነበር፤ ሴት ልጅም ከሞላ ጎደል ከጉባኤው ውጭ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተብሎ ሲታዘዝ ብዙዎች አገር ጥለው ተሰደዱ። ከ1888 ጀምሮ በክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ገበሬው ራሱ ሲራብ፣ ለተማሪ ማን ይቁረስ? ታዲያ ይህን የሚተርክ የተማሪ ታሪክ የታለ? ሟቹ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በ2001 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከእኛ ውስጥ ስንቱ ገልጦታል?

ሲሪንቃ ሲባል ትዝ የሚለን የግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው። ማሽላው ተጠንቷል፤ እሰየው! የማሽላ እንጀራ ለምኖ እየበላ የተማረው ልጅ ግን የሚያጠናው አላገኘም።

ወገኖቼ፣ የቴምዙ ቀዛፊ የታወቀው ከየጁው ደረሳ የበለጠ ስለኖረ አይደለም፤ ስለተጻፈለት ነው። እንግዲህ ለዕረፍት ስንበተን ከሲሪንቃ እስከ መርሳ፣ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያላችሁ ልጆች ደብተር ይዛችሁ አንድ የኔታ ወይም አንድ ሸኽ ዘንድ ቁጭ በሉ። የመምህርዎ መምህር ማን ነበሩ? ምን ይበሉ ነበር? ማንስ ያበላቸው ነበር? በምን ይሣሣቁ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ሳታሳምሩ ጻፉ። እነዚህ አዛውንት ሲያልፉ መልሱም አብሯቸው ይቀበራል። ያን ጊዜ «ምን ነበረን?» ለሚለን ሁሉ የምናሳየው አይኖረንም፤ ፍርዱንም እውነት ያደረግነው እኛው እንሆናለን።